ቪጋን ሆኖ መኖር፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ቪጋን አኗኗር ናቸው። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገናል፣ ረጃጅሞቹን አሳጥረናል። በጥቃቅን ነገር ማንም እንዲጨነቅ አንፈልግም። በሁለት ጉዳይ ግን አንደራደርም፤ አንዱ ቫይታሚን ቢ12 ነው፣ ሌላው የሕፃናት አመጋገብ።

ጥያቄ፦ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ከተውኩ ዓመት ሊሆነኝ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ግን «የቆዳ ጫማ እስካደረግህ ድረስ ቪጋን ነኝ አትበል» ይለኛል። እውነት ነው? ጫማዬን ልጣለው?

መልስ፦ አይጣሉት። ባልደረባዎ ግን ጨርሶ አልተሳሳተም። ቃሉ የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1944 እንግሊዝ አገር ነው። ሥጋ ብቻ ሳይሆን ወተትና እንቁላልም የተዉት ዶናልድ ዋትሰንና ባልንጀሮቹ ለራሳቸው መጠሪያ ሲፈልጉ «ቬጀቴሪያን» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መጀመሪያውንና መጨረሻውን ወስደው አገጣጠሙት። በዚያው ዓመት የመሠረቱት የቪጋን ማኅበር የሚሠራበት ትርጉም ከምግብ ያልፋል። እንስሳትን ለምግብ፣ ለልብስም ሆነ ለሌላ ዓላማ ከመበዝበዝና ከማሠቃየት መራቅ ማለት ነው ይላል፤ ይህም «በተቻለ መጠንና በተግባር ሊፈጸም በሚችለው ልክ»።

የመጨረሻዋን ሐረግ ብዙ ሰው ይዘላታል። እኛ ግን የትርጉሙ ዋና ክፍል እሷ ናት እንላለን። ያለዎትን የቆዳ ጫማ ቢጥሉት የሚተርፍ እንስሳ የለም። እስኪያልቅ ያድርጉት፣ ወይም ለሚያስፈልገው ሰው ይስጡት፤ ቀጣዩን ሲገዙ ግን ይለዩ። በብዙ ጫማዎች ምላስ ወይም ሶል ላይ ትንንሽ ሥዕሎች አሉ። የተገፈፈ ቆዳ ቅርጽ ካዩ ቆዳ ነው፤ የጨርቅ ሽመና ምልክት ጨርቅ ነው፤ ባዶ አራት ማዕዘን በጫፉ የቆመ ከሆነ ሌላ ቁስ፣ በአብዛኛውም ሰው ሠራሽ ነው። ሥዕሎቹ የላዩን ክፍል፣ የውስጡን ገበርና ሶሉን ለየብቻ ስለሚያሳዩ ሦስቱንም ይመልከቱ፤ ላዩ ጨርቅ ሆኖ ገበሩ ቆዳ የሆነ ጫማ ብዙ ነው። ከቆዳ ሌላ ሱፍ፣ ሐርና የላባ ሙሌት ያለበት ጃኬትም ከዚሁ ይመደባሉ።

መድኃኒት ግን የተለየ ጉዳይ ነው። የካፕሱል ሽፋን በአብዛኛው ከእንስሳት የሚሠራ ጄላቲን ነው፤ በብዙ እንክብሎች ውስጥም ላክቶስ የተባለው የወተት ስኳር አለ። ሐኪም ያዘዘልዎትን መድኃኒት በዚህ ምክንያት በፍጹም አያቋርጡ። ሌላ ዓይነት እንዳለው ፋርማሲስቱን ይጠይቁ፣ ከሌለ ያንኑ ይውሰዱ። ካፕሱሉን ከፍቶ ዱቄቱን መዋጥም መፍትሔ አይደለም፤ ቀስ ብሎ እንዲሟሟ የተሠራ መድኃኒት በአንዴ ሰውነት ውስጥ ሊለቀቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት ተማሪ ነኝ። ቪጋን ከሆንኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ ምንም ሕመም የለብኝም። ቢ12 ወስጄ አላውቅም፣ ስፒሩሊና (ከውሃ ዋቅላሚ የሚሠራ አረንጓዴ ዱቄት) ግን በየቀኑ እወስዳለሁ። ይበቃኛል?

መልስ፦ አይበቃህም። ሕመም ያልተሰማህም ስለማትፈልገው ሳይሆን የድሮ ስንቅህን እየበላህ ስለሆነ ነው። ጉበት ለብዙ ወራት፣ አንዳንድ ሰው ላይም ለዓመታት የሚበቃ ቢ12 ያከማቻል። ስንቁ ሲያልቅ የሚደወል ደወል የለም፤ ለዚህም ነው ሁለት ዓመት ጤነኛ መሆን ማስረጃ የማይሆነው።

ቢ12ን ዕፅዋትም እንስሳትም አይሠሩትም፤ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። እንስሳት ከመኖ ወይም በሆዳቸው ካሉ ባክቴሪያዎች ያገኙትና በሥጋቸው ያከማቹታል። ስፒሩሊና ውስጥ ያለው በአብዛኛው ቢ12 የሚመስል፣ በሰው አካል ውስጥ ግን ሥራውን የማይሠራ ቅርጽ ነው። የሚጎዳው ሌላም ነገር አለ፦ አንዳንድ የደም ምርመራ ይህን አስመሳይ ከእውነተኛው አይለየውም፤ ቁጥሩ ደህና መስሎ ይወጣል። ያልታጠበ አትክልት፣ የተቦካ ምግብና እንጉዳይም አስተማማኝ ምንጭ አይደሉም። የምግብ እርሾ የሚባለው ቢጫ ቅንጣትም ፋብሪካው ካልጨመረበት በስተቀር ቢ12 የለውም።

አዋቂ ሰው በቀን 2.4 ማይክሮግራም ይበቃዋል። ታዲያ እንክብሉ ላይ 10፣ 1000፣ 2000 የሚል ቁጥር ለምን ይጻፋል? ጨጓራ የሚያመነጨው አንድ ፕሮቲን ቢ12ን ተሸክሞ ወደ አንጀት ያደርሰዋል። ይህ ተሸካሚ በአንድ ጊዜ ሊያሳልፍ የሚችለው 2 ማይክሮግራም አካባቢ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ከተወሰደው ውስጥ በራሱ ሰርጎ የሚገባው ከመቶ አንድ እጅ ያህል ነው። ስለዚህ ክፍተቱ በረዘመ ቁጥር መጠኑ ይጨምራል። ከሦስቱ አንዱን ምረጥ፦ ቢ12 የተጨመረበት ምግብ በቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተመግበህ በድምሩ 3 ማይክሮግራም ማግኘት፣ ወይም በቀን 10 ማይክሮግራም እንክብል፣ ወይም በሳምንት 2000 ማይክሮግራም። ለሚረሳ ሰው ሳምንታዊው ይሻላል፤ አንድ ቀን ወስነህ ከእሷ አትውጣ። ሳያኖኮባላሚን የሚባለው ዓይነት ሳይበላሽ ብዙ የሚቆይና በሚገባ የተጠና ነው፤ ውድ የሆነውን መፈለግ አያስፈልግም።

እጥረቱ ሲጀምር ድካም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የምላስ መላጥ፣ የመርሳት ነገር ይታያል። ከሁሉ የሚከፋው ነርቭ ላይ የሚደርሰው ነው። እግርና እጅ ጉንዳን እንደሚሄድበት ይወርራል፣ ይደነዝዛል፣ አረማመድ ይዛባል። ጎመንና ጥራጥሬ የሚያዘወትር ቪጋን ፎሌት የተባለውን ሌላ የቢ ቫይታሚን በብዛት ስለሚያገኝ ከቢ12 እጥረት የሚመጣው የደም ማነስ ሊሸፈንለት ይችላል፤ ደሙ ጤነኛ እየመሰለ ነርቩ ይጎዳል። የዘገየ የነርቭ ጉዳት ሁልጊዜ አይመለስም።

አሁን ምን ታደርጋለህ? መጀመሪያ ደምህን ተመርመር፣ ከዚያ እንክብሉን ጀምር፤ እንክብሉ ከቀደመ ውጤቱ ይዛባል። ከቢ12 መጠን ጋር ሆሞሲስቴን ወይም ሜቲልማሎኒክ አሲድ የሚባለው እንዲለካልህ ጠይቅ፤ እነዚህ የሚያሳዩት ቫይታሚኑ በእርግጥ ሥራውን እየሠራ መሆኑን ነው። ምርመራው ቶሎ የማይገኝ ከሆነ ግን እንክብሉን ዛሬውኑ ጀምር። መደንዘዝ ካለህ በራስህ እንክብል አትጀምር፤ መርፌ ሊያስፈልግህ ስለሚችል ሐኪም ዘንድ ሂድ። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር በሽታ መድኃኒት ወይም እንደ ኦሜፕራዞል ያለ የጨጓራ አሲድ መቀነሻ ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ደግሞ የቢ12 ቅበላው ስለሚቀንስ ለሐኪሙ ይናገር።

ጥያቄ፦ ከቢ12 ሌላ የምገዛው ነገር አለ?

መልስ፦ ጨውዎ አዮዲን ያለው መሆኑን ያረጋግጡ፤ አዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም ይፈልጋል፣ ተራ የባሕር ጨው ግን ይህን አይሰጥም። የደረቀ የባሕር አረም መጠኑ ከጥቅል ጥቅል እጅግ ስለሚለያይና የእንቅርት ዕጢን ሊያውክ ስለሚችል የአዮዲን ምንጭ አያድርጉት። ፀሐይ የማያገኙ ከሆነ ቫይታሚን ዲ ያስፈልግዎታል። ዲ2 ከእንስሳት አይደለም፤ ዲ3 ግን በአብዛኛው ከበግ ሱፍ ቅባት ይሠራል፣ ላይክን ከሚባለው ዕፅዋት መሰል ነገር የሚሠራም አለ። ለኦሜጋ 3 በቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ ይብሉ። ያልተፈጨው እንደገባ ይወጣል። የተፈጨውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ከረር ያለ መራራ ጣዕም ካመጣ ዘይቱ ተበላሽቷልና ይድፉት።

ጥያቄ፦ «ፕሮቲን ከየት ታገኛለህ?» ለሚለኝ ሁሉ አጭር መልስ ስጡኝ።

መልስ፦ ከጥራጥሬ። ክብደትዎ 60 ኪሎ ከሆነ በቀን ከ48 እስከ 60 ግራም ይበቃዎታል። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም፣ አንድ ኩባያ የተቀቀለ ሽምብራ 14 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ የአኩሪ አተር ወተት 7 ግራም ገደማ፣ አንድ ጭብጥ ለውዝ 7 ግራም ገደማ አላቸው። ቀሪውን ዳቦው፣ ሩዙና አትክልቱ ይሞላል። እህልና ጥራጥሬ በአንድ ማዕድ ካልተቀላቀሉ አይሆንም የሚለው አሮጌ ምክር ነው፤ በቀኑ ውስጥ ሁለቱንም ከበሉ ሰውነት ራሱ ያቀናጃል። ችግር የሚመጣው ሥጋው ተነሥቶ ቦታው ባዶ ሲቀር ነው። በሩዝና በሰላጣ ብቻ የሚኖር ሰው ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ይጎድለዋል፣ ቶሎ ይርበዋል፣ በወሩም «ቪጋንነት አልተስማማኝም» ይላል።

ጥያቄ፦ ጥራጥሬ ማብዛት ከጀመርኩ ወዲህ ሆዴ ይነፋኛል። ባለፈው ደግሞ ቀይ ቦሎቄ በዝግታ በሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ሠርቼ መላው ቤተሰብ አስታወከ። ቦሎቄው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ምልክቱ የተበላሸ ሳይሆን በሚገባ ያልፈላ ቦሎቄ ይመስላል። ጥሬ ቀይ ቦሎቄ ውስጥ ፋይቶሄማግሉቲኒን የተባለ መርዛማ ፕሮቲን አለ። አራት አምስት ፍሬ እንኳ ከተበላ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል። በዝግታ የሚያበስል ድስት ውስጡ ብዙ ጊዜ ከ80 ዲግሪ አያልፍም፤ በዚያ ሙቀት ፍሬው ሊለሰልስ ይችላል፣ መርዙ ግን አይጠፋም፣ እንዲያውም ከጥሬው ሊብስ ይችላል። ለስላሳ ነው ማለት በስሏል ማለት አይደለም።

አሠራሩ ይህ ነው። ቦሎቄውን በሦስት እጥፍ ውሃ ለ8 እስከ 12 ሰዓት ይዘፍዝፉ፤ ሙቀት ባለበት ቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ ያድርጉት፣ አለዚያ ይቦካል። መዘፍዘፊያውን ውሃ ይድፉ፣ ፍሬውን ይለቅልቁ፣ አዲስ ውሃ ያድርጉበት። ከዚያ እየተንተከተከ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይፍላ፤ እኛ 30 ደቂቃ እንመርጣለን። ሰዓት መቁጠር የሚጀምሩት ድስቱ ሲጣድ ሳይሆን ውሃው ሲንተከተክ ነው። ከዚያ በኋላ እሳቱን ቀንሰው እስኪለሰልስ ያቆዩት፤ የኤሌክትሪክ ድስቱንም ከፈለጉ የሚጠቀሙት ከዚህ በኋላ ነው። በቆርቆሮ የሚሸጠው አስቀድሞ የበሰለ ስለሆነ ይህ አያሳስብም።

አልበስል ያለ ቦሎቄ ወይ አርጅቷል ወይ አሲድ ቀድሞ ገብቶበታል። ቲማቲም፣ ሎሚና ኮምጣጤ የፍሬውን ግድግዳ አጥብቀው ስለሚይዙ ከለሰለሰ በኋላ ነው የሚጨመሩት። ጨው ግን ስሙ ያለ ጥፋቱ ጠፍቷል፤ በመዘፍዘፊያው በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቢያደርጉ ልጣጩ ይለሰልሳል፣ ፍሬውም እየፈነዳ አይበታተንም። ውሃው ካልሲየም የበዛበት ከሆነ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይረዳል፤ ከዚያ ካለፈ ሳሙና ሳሙና ይላል።

የሆድ መነፋቱ ምክንያት የሰው አንጀት ሊፈጫቸው የማይችል፣ ራፊኖስና ስታኪዮስ የተባሉ ስኳሮች ናቸው። ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ሲበሏቸው ጋዝ ይወጣል። ከስኳሮቹ ከፊሉ በመዘፍዘፊያው ውሃ ይወጣል፤ ለዚህም ነው የሚደፋው። በተከካ ምስር ይጀምሩ፤ በቀን ሩብ ኩባያ፣ በሁለተኛው ሳምንት ግማሽ፣ ከዚያ ሙሉ። አንጀትም ይለምዳል። ከዜሮ ወደ ሁለት ኩባያ በአንድ ቀን መዝለል ነው ብዙ ሰው የሚያማርረው።

ጥያቄ፦ በየቀኑ ስፒናች እበላለሁ፤ ሐኪሙ ግን ብረት አንሶሻል አለኝ። ካልሲየምም ከስፒናች አገኛለሁ ብዬ ነበር። ከምግብ በኋላ ሻይ የማይቀር ልማዴ ነው።

መልስ፦ ችግሩ ከልማድዎ ሊጀምር ይችላል። ከዕፅዋት የሚገኘው ብረት በቀላሉ የሚታሰር ዓይነት ነው፤ ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ ቅበላውን ከግማሽ በላይ ሊቀንሱት ይችላሉ። ሻይዎን አይተዉ፤ ከማዕዱ በፊትና በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ያርቁት። በምትኩ ምስርዎ ላይ ሎሚ ይጭመቁ ወይም ብርቱካን ይብሉበት፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱን አንጀት ወደሚቀበለው ቅርጽ ይቀይረዋል። አብሮ መበላት አለበት፤ ጠዋት የተበላ ብርቱካን ለማታ ምስር አይደርስለትም። የብረት እንክብል ግን ፌሪቲን (የተከማቸውን ብረት የሚያሳይ የደም ምርመራ) ሳይለኩና ሐኪም ሳያዝ አይጀምሩ፤ ከጀመሩም ልጆች በማይደርሱበት ያስቀምጡት፣ ለሕፃን ገዳይ ሊሆን ይችላል።

ስፒናች ካልሲየም አለው፤ ግን በቅጠሉ ውስጥ ያለው ኦክሳሌት የተባለ ንጥረ ነገር ስለሚይዘው ሰውነት የሚወስደው ከመቶ 5 እጅ ያህል ብቻ ነው። ብሮኮሊና ጎመን ከዚህ በብዙ ይሻላሉ። አዋቂ በቀን የሚያስፈልገውን 1000 ሚሊግራም በቅጠል ብቻ መሙላት ከባድ ስለሆነ በካልሲየም ሰልፌት የረጋ ቶፉ (የአኩሪ አተር ወተት ረግቶ የሚሠራ) እና ካልሲየም የተጨመረበት የዕፅዋት ወተት ይጠቀሙ። የወተቱን ካርቶን ግን ከመክፈትዎ በፊት በደንብ ይናጡት፤ ካልሲየሙ ከሥር ይዘቅጣል፣ ሳይናጥ የሚጠጣ ሰው ዋናውን ከካርቶኑ ጋር ይጥለዋል።

ጥያቄ፦ የምግብ መለያ ማንበብ አድካሚ ሆነብኝ። የትኞቹን ስሞች ልያዝ?

መልስ፦ ኬዚንና ዌይ ከወተት ናቸው። ጄላቲን ከአጥንትና ከቆዳ ነው። በኢ (E) የሚጀምሩት ቁጥሮች የምግብ ተጨማሪዎች መለያ ናቸው፤ ኢ120 ከነፍሳት የሚወጣ ቀይ ቀለም፣ ኢ901 የንብ ሰም፣ ኢ904 ነፍሳት የሚያመነጩት ማብለጫ ነው። ኢ471 ከዕፅዋትም ከእንስሳትም ሊሆን ስለሚችል አምራቹ ካልገለጸ መጠየቅ ነው። «ላክቶስ የሌለው» የሚለው ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ስኳሩ የተፈጨ የላም ወተት እንጂ ከወተት ነፃ ማለት አይደለም። በተቃራኒው ላክቲክ አሲድ ስሙ ቢያስፈራም በአብዛኛው ከዕፅዋት ስኳር ይሠራል፤ የካካዎ ቅቤም ወተት የለውም። «የወተት ቅሪት ሊኖረው ይችላል» የሚለው ደግሞ ለአለርጂ ሕሙማን የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ወተት ተጨምሮበታል ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ በእንቁላል ፋንታ ተልባ ስጠቀም ኬኩ እንደ ጭቃ ይሆንብኛል።

መልስ፦ ለአንድ እንቁላል አንድ የሾርባ ማንኪያ በደንብ የላመ ተልባ ከሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጋር ይመቱና 10 ደቂቃ ያቆዩት፤ ማንኪያው ሲነሣ እየተሳበ የሚወርድ ልጋግ መሆን አለበት። ተልባ ያያይዛል እንጂ አያነሣም፤ አራትና አምስት እንቁላል በሚጠይቅ ኬክ ላይ ጭቃ የሚሆነው ለዚህ ነው። እስከ ሁለት እንቁላል ለሚጠይቅ ሊጥ ብቻ ይጠቀሙበት። ሊጡ እንዲነሣ አንድ ኩባያ የአኩሪ አተር ወተት ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ አድርገው፣ ከዱቄቱ ጋር ደግሞ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይቀላቅሉ፤ ሁለቱ ሲገናኙ አረፋው ስለሚጀምር ሊጡን ሳያሳድሩ ወዲያው ምድጃ ያስገቡት። አረፋ የሚፈልግ አሠራር ከሆነ ሽምብራ የተቀቀለበትን ውሃ እንደ እንቁላል ነጭ እስኪወፍር ያፍሉት፣ ያቀዝቅዙትና ይምቱት፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የአንድ እንቁላል ነጭ ይተካል። ሳህኑ ላይ የቅባት ጠብታ ካለ ግን አይነሣም።

ጥያቄ፦ የአራት ወር ልጃችንን ጡት ማጥባት ስላቆምን የለውዝ ወተት ልንሰጠው አስበናል። እኔና ባለቤቴ ቪጋን ነን።

መልስ፦ እባካችሁ አትስጡት። ማንኛውም የዕፅዋት መጠጥ፣ የአኩሪ አተር፣ የአጃ፣ የሩዝም ሆነ የለውዝ፣ የሕፃን ወተት አይደለም። ፕሮቲኑ፣ ቅባቱና ማዕድናቱ ለሕፃን አይበቁም፤ በዚህ የተነሣ ሕፃናት ለከባድ ጉዳትና ለሞት ተዳርገዋል። እስከ 6 ወር ያለው ሕፃን የሚጠጣው የእናት ጡት ወይም ለሕፃናት ተብሎ የተዘጋጀ ወተት ብቻ ነው። ከአኩሪ አተር የሚዘጋጅ የሕፃናት ወተት አለ፤ ያለ ጊዜው ለተወለደ ሕፃን ግን አይመከርም፣ ስለዚህ ሐኪሙን ሳታማክሩ አትምረጡ። የሚስማማው ከላም ወተት የተሠራው ብቻ ከሆነ እሱን ስጡት፤ ትርጉሙ ውስጥ ያለችው «በተቻለ መጠን» ለእንዲህ ያለ ጊዜ ናት።

እናትየው እስካሁን ቢ12 ሳይወስዱ ሲያጠቡ ከነበረ ይህንንም ዛሬ ነገ ሳትሉ ለሐኪሙ ንገሩ። የሕፃን ስንቅ ትንሽ ነው፤ እጥረቱ ከአራተኛው ወር ጀምሮ ሊታይ ይችላል። ሕፃኑ ይዝላል፣ መሳቅ ይተዋል፣ ይዞት የነበረውን አንገቱን መያዝ ያቅተዋል። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ይዛችሁት ሂዱ።

ጥያቄ፦ ሰው ቤት «ሥጋ የለውም» የተባልኩትን ሾርባ ጠጥቼ በኋላ በአጥንት ውሃ የተሠራ መሆኑን ሰማሁ። ያለፈው ስድስት ወር ሁሉ ከንቱ ሆነ?

መልስ፦ አልሆነም፤ ሳያውቁ የጠጡት ነው። አስተናጋጅዎም አልዋሹም፤ ብዙ ሰው ሥጋ የሚለው በጥርስ የሚታኘከውን ነው። ሌላ ጊዜ «ሥጋ አለው ወይ?» ብለው አይጠይቁ። «በምን ውሃ ተቀቀለ? ምን ቅባት ገባበት? ማጣፈጫው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ፣ የሚቻል ከሆነም ምግቡ ከመሠራቱ አንድ ቀን አስቀድመው።